ገና ይሠራል

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ለአባቴ አንድ ነገር መንገር ስላቃተኝ ነው። ስልኩን አነሳለሁ፤ ቁጥሩን አወጣለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በጽሑፍ ሲሆን ምናልባት መስመር ይይዝልኛል ብዬ ነው። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ድርሰት ላይ ደህና ነበርኩ ይባላል፤ ግን ስለ ሞተ ወንድም ድርሰት ጽፌ አላውቅም።

አባቴ ናዝሬት ውስጥ ጎሚስታ ነው፤ የመኪና ጎማ ይፈታል፣ ይጠግናል፣ አየር ይሞላል። አያቴም ጎሚስታ ነበር። ወንድሜም ጎሚስታ ነበር፤ እዚህ ጅቡቲ፣ ዋራበሌ፣ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር። አሁን እሱ በነበረበት ቦታ ቁጭ ብዬ ጎማ የምፈታው እኔ ነኝ።

ቤታችን ውስጥ ስለ ገንዘብ ብዙ አይወራም ነበር። የሚባሉ ነገሮች ግን ነበሩ። ሳሙና አልቆ እንደ ቅጠል ሲሳሳ እናቴ ልትጥለው ትነሳለች፤ አባቴ «ገና ይሠራል» ይላታል። ከአዲሱ ሳሙና ጀርባ ላይ ይለጠፍና ሌላ ሳምንት ይከርማል። የጫማዬ ሶል ሲላቀቅ፣ «ገና ይሠራል።» ባልዲ ሲሰነጠቅ በጎማ ቁራጭ ይለጠፍና፣ «ገና ይሠራል።» ገበያ ወጥተን እናቴ አንድ ዕቃ ካማራት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። «ይሄ በቀን ስንቴ ይሠራል?» ይላታል። መልሱን ትንሽ ካሰበችበት አለቀ፤ ዕቃው አይገዛም። ቆሞ የሚውል ነገር ቤታችን አይገባም ነበር። እነዚህን ቃላት ከአባቱ እንደሰማቸው፣ አባቱም ከአባቱ እንደሰማቸው ይነግረናል። ሌላ ሰው ስለ ወረሰው መሬት የሚያወራውን ያህል ነው የሚያወራላቸው።

እኔ የአባቴን ድምፅ መቅዳት እችልበት ነበር። መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዕቃውን ወደ ብርሃን አንስቶ ያገላብጠዋል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ኳ ያደርገዋል። ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ «ገና ይሠራል።» ይህን ስሠራ ወንድሜ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ግን በዚህ ነገር እንደ ልጅ ነበር የሚስቀው። እናቴም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። አባቴ ከበር ሲገባ ሁላችንም ዝም እንላለን። ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። በኋላ ይመጣል።

አባቴ የሚሠራበት ቦታ ከጀርባው ግንብ ነበረው። አያቴ ያሠራው የድንጋይ ግንብ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ክንድ ይበልጣል። አባቴ የከባድ መኪና ጎማ አየር ሲሞላ ሁልጊዜ ጎማውን ያቆምና ፊቱን ወደ ግንቡ ያዞረዋል። እሱ ከጎን ይቆማል። ለምን ብለን ጠይቀነው አናውቅም፤ ጎማ የሚሞላው እንደዚያ ነው ብለን ነው ያደግነው። ግንቡ ላይ ብዙ ጉድጓዶች ነበሩ። ወንድሜና እኔ በልጅነታችን የእጃችንንና የእግራችንን ጣቶች እየከተትንባቸው እስከ ላይ እንወጣ ነበር። አንዱ ጉድጓድ የእኔን ጭንቅላት ያህላል። ድንጋዩ ከእርጅና የተነሳ የተቦረቦረ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ቀለበቱ ማስረዳት አለብኝ። የድሮ ከባድ መኪና ቸርኬ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ጎማው ከገባ በኋላ እንዳይወጣ በፊቱ በኩል ዙሪያውን የሚይዘው ወፍራም የብረት ቀለበት አለ። ቀለበቱ በመዶሻ እየተመታ ቦታው ይገባል፤ ከዚያ አየር ይሞላል። በደንብ ከገባ አየሩ ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል። ከዛገ ወይም ከተጣመመ ግን አየሩ ያንን ብረት ወርውሮ ያስወጣዋል። ከፊቱ ምንም ይቁም ምን አይመርጥም። የግንቡ ጉድጓዶች እነዚያ ናቸው። አባቴ በሥራ ዘመኑ ስንት ቀለበት እንደተወረወረ ለማንም አልተናገረም። ግንቡ ይቀበልለት ነበር። እሱም የወደቀውን ቀለበት አንስቶ፣ አቃንቶ፣ በጥፍሩ ኳ አድርጎ መልሶ ያስገባው ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የገጣጠምኩት ወንድሜን ከቀበርን በኋላ ነው።

ወንድሜ ወደ ጅቡቲ የመጣው አባቴ ዘንድ ጎማ ከሚያስጠግኑ ሹፌሮች ጋር ነው። ሥራ ሞልቶ ነበር። ከዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር ጭነው የሚወጡት መኪኖች አብዛኞቹ የኛ አገር ናቸው፤ አስፋልቱ ደግሞ በበጋ ጎማ ያበስላል። አራት እንጨት ተክሎ፣ ላዩን በቆርቆሮ ሸፍኖ፣ ጎኑን በሸራ ጋርዶ ጀመረ። የአባቴን ቃላት በሙሉ ይዞ ነው የመጣው። ግንቡን ግን ማምጣት አይችልም። አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ቃሉ አብሮት መጣ፣ ግንቡ ናዝሬት ቀረ።

እኔ የመጣሁት ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው። እውነቱን ለመናገር የመጣሁት ባሕር ለመሻገር አስቤ ነበር። በዚያ መንገድ እኩዮቼ የሆኑ ልጆች በቡድን ያልፋሉ፤ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ። ለወንድሜ ነገርኩት።

«አንተ?» አለኝ። «ገላህን ስትታጠብ ውኃ ጆሮዬ ገባ ብለህ የምትጮኸው? ባሕሩ ራሱ ነው የሚስቅብህ።»

«ጋሼ፣ አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። ይኸው ክሪክ፣ ይኸው መፍቻ። ቡሎን እየፈታህ ቁጭ በል ተማሪው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ተማሪው ሆነ። ሹፌሮቹም፣ ጎረቤቶቹም ተማሪው ይሉኛል።

ወንድሜ ከአባቴ የባሰ ቆጣቢ ነበር። በረዶ አይገዛም፤ ጀሪካኑን በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ወደ ቤት የምንደውልበት መንገድ እንኳን ሥርዓት ነበረው፤ ያንን ያወጣው አባቴ ነው። ሁለት ጊዜ ደውሎ መዝጋት ማለት ደህና ነን፣ አታንሱ፣ ሂሳብ አይባክን ማለት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከተደወለ ብቻ ይነሳል። እሑድ እሑድ ሁለቴ እንደውላለን። አባቴም ሁለቴ ይመልሳል። እንዲህ እያልን ድምፁን ሳንሰማ ወራት ያልፋሉ፤ ግን ደህና ነን።

ከጎናችን አንድ በያጅ አለ። የአገሩ ሰው ነው፤ ሶማሊኛም ፈረንሳይኛም ይናገራል፤ አማርኛውን ከሹፌሮች ነው የለቀመው። ወንድሜን «ዋላል» ይለዋል፣ በእነሱ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው። አንድ ቀን ጎማ ስንሞላ ቆሞ ሲያየን ቆየና መጣ።

«ዋላል፣ ሳጥን ልሥራልህ።»

«የምን ሳጥን?»

«የብረት። ከወፍራም ቱቦ። ጎማ ይገባል፣ አየር ይሞላል። ብረት ከወጣ ሳጥን ያዘው። ትልልቅ ጋራዥ ሁሉ አላቸው።»

ወንድሜ ዋጋውን ጠየቀ። ነገረው። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። አውቀዋለሁ፣ ምን ሊል እንደሆነ።

«በቀን ስንቴ ይሠራል?»

በያጁ ግራ ገባው። ከዚያ ገባው። «ኢንሻአላህ» አለ፣ «አንድ ቀንም አይሠራ።»

«ታዲያ የማይሠራ ዕቃ ልግዛልህ?» አለ ወንድሜ። ሦስታችንም ሳቅን። በያጁ ግን ቀድሞ ነው መሳቁን ያቆመው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቆታል። ሁለተኛው ላይ ዋጋውን ቀንሶ ነበር። ወንድሜ ይህን ያየው እንደ ገበያ ክርክር ነው፤ ጥቂት ብቆይ ሌላም ይቀንሳል ብሎኛል።

አንድ ቀን ቀለበት በረረ። ጎማው በጀርባው መሬት ላይ ተጋድሞ ስለነበር ወደ ላይ ሄደ። ቆርቆሮውን በስቶ ወጣና ከመንገዱ ማዶ ወደቀ። ለጥቂት ጊዜ ጆሯችን አልሰማም። ወንድሜ ቀና ብሎ ቀዳዳውን አየ።

«ጣሪያ ነው የመታው» አለኝ። «ሰው አልመታም።»

«ጋሼ፣ ሳጥኑን እናሠራ።»

«እናሠራለን። ክረምቱ ይለፍና።»

ቀለበቱን ሄጄ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቀዳዳውን አልደፈንነውም። በእሱ የምትገባው ፀሐይ መሬት ላይ አንድ ክብ ትሠራለች። ጠዋት በር አካባቢ ናት፤ ቀስ እያለች ትሄድና ስድስት ሰዓት ሲሆን ጎማ የሚሞላበት ቦታ ላይ ትደርሳለች። ሰዓት ማየት ትተን በእሷ ነበር የምናውቀው። «ክቧ ደረሰች፣ ምሳ» ይላል ወንድሜ። ልክ እሱ ቁጢጥ የሚልበት ቦታ ላይ ስትደርስ። ያኔ ምንም አልታየኝም።

የሞተ ቀን ሙቀቱ ከሌላው ቀን የተለየ አልነበረም። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሹፌር መጣ፤ የተሳቢው ጎማ ተንፍሶበት።

«ጎሚስታው፣ ቶሎ በልልኝ፣ ተራዬ ያልፋል።»

ወንድሜ ጎማውን ዞር ዞር ብሎ አየው። «ሹፌሬ፣ ይሄን ጎማ ከየት አመጣኸው? ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ነው?»

«ተው አትሳደብ፤ በዕድሜ ይበልጥሃል። ተነስተህ ተቀበለው።»

እየሳቅን ፈታነው። ቀለበቱ ሲወጣ ሳቁ ቆመ። ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ አንደኛው ጫፉ ወደ ውጭ ተጣሟል። ሹፌሩም አይቶታል። «ካርቲየ 4 ገበያ አዲስ አይጠፋም» አለ። «ታክሲ ይዤ ልምጣ?»

ወንድሜ ክቧን አየ። ልትደርስ ትንሽ ቀርቷታል። «አሁን ብትሄድ ሱቅ ሲዘጋ ነው የምትደርሰው። እስከ ዐሥር ሰዓት አይከፍቱም።»

«ብጠብቅ ይሻላል እንዴ? አንተ ነህ የምታውቀው።»

ወንድሜ ቀለበቱን አንስቶ ያዘ። አልተናገረም። ያ ዝምታ ረጅም ነበር። ሁልጊዜ ወደዚያ ዝምታ ነው የምመለሰው፤ ምክንያቱም እያሰበ ነበር። እርግጠኛ ነኝ፣ እያሰበ ነበር። ጣሪያውንም አየት አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ተማሪው፣ አንተ ምን ትላለህ?»

እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ቀለበቱን ከእጁ ወሰድኩ። ወደ ብርሃን አንስቼ አገላበጥኩት። በአውራ ጣቴ ጥፍር ኳ አደረግሁት።

«ገና ይሠራል።»

ወንድሜ ፈነዳ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሹፌሩ ጉልበቱን እየመታ፣ «ናዝሬት ያሉት ጎሚስታ! እሳቸው እኮ ናቸው! ሃያ ዓመት ሠርተውልኛል፣ ቁርጥ ራሳቸውን!» አለ። አባታችን መሆኑን ስንነግረው ደግሞ ጭራሽ ደስ አለው። «ታዲያማ ምን ቀረ፤ እሳቸው ካሉ ይሠራል።»

ወንድሜ እየሳቀ ቀለበቱን ተቀበለኝና መዶሻውን አነሳ። «ሂድ በረዶ ግዛ» አለኝ። «ዛሬ የአባዬ ሰው መጥቶ ቀዝቃዛ ሳንጋብዘው እንዳንቀር።» በረዶ ግዛ ሲለኝ የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። በረዶውን በላስቲክ ይዤ መልስ እየጠበቅሁ ሳለ ድምፁን ሰማሁ። አልሮጥኩም። እኛ ዘንድ ጎማ በየቀኑ ይፈነዳል። ባለሱቁ ፍራንኩን እስኪፈልግ ቆሜ ጠበቅሁ፤ መልስ ትቶ መሄድ አልተማርንም። ተቀበልኩት። ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ነው መንገዱን የተሻገርኩት።

በያጁ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ መሬት ላይ ተቀምጦ «እሳቸው ካሉ» ይላል፣ ደጋግሞ፤ እሱን ምንም አልነካውም። ወንድሜ በጀርባው ተዘርግቷል። ክቧ ደርሳ ነበር። ፊቱን አልጽፍም።

ለአባቴ ደወልኩ። ሁለቴ ጠራ። አላነሳም። ሦስተኛውን መደወል አቃተኝ። በኋላ ሌላ ሹፌር ደውሎ ነገረው። አባቴ በኋላ «ደህና ናችሁ ብዬ ነው ያላነሳሁት» አለኝ። «ሁለቴ ነበር እኮ የጠራው።»

አስከሬኑን ናዝሬት ያደረሱልን ሹፌሮቹ ናቸው። ወረቀቱንም እነሱ ጨረሱ። ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥን። እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም፤ እጄን ብቻ ይዛ ቆየች። አባቴ በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ጠጋ አለኝ።

«ቀለበቱ እንዴት ያለ ነበር?»

«ምን?»

«ቀለበቱ። አሮጌ ነበር?»

ዓይኑን አየሁት። መልሱን ያውቃል ብዬ ፈራሁ። ወይም ደግሞ አያውቅም፤ ከእኔ ነው የሚጠብቀው። አሮጌ ነበር ብዬ ብነግረው አባቴ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ የሚያልቅ መሰለኝ። ያ ብቻ አይደለም። ማን ገና ይሠራል አለው ብሎ ቢጠይቀኝስ?

«አዲስ ነበር አባዬ» አልኩ።

«አዲስ?»

«ከካርቲየ 4 የተገዛ። በዚያው ቀን።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀና አለ። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ ነው ቀና ሲል ያየሁት። «አላልኩም?» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሰዉ። «የዛሬ ብረት ብረት አይደለም። አሮጌውን ቢያስገባ ኖሮ ልጄ ዛሬ እዚህ ይቀመጥ ነበር።»

ጎረቤቶቹ ሁሉ አብረው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሽማግሌ «እውነት ነው፣ የድሮ ዕቃ እኮ!» አሉ። ወሬው በድንኳኑ ዞረ፤ አንዱ ስለ አዲስ ምጣድ፣ ሌላው ስለ አዲስ ቧንቧ አወራ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር። አባቴን ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። ያደረግሁት ነገር ቀስ እያለ ነው የታየኝ።

አርባው ከወጣ በኋላ ወደ ጅቡቲ ተመለስኩ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ስመጣ ሳጥኑ ቆሞ ጠበቀኝ። በያጁ እኔ ሳልኖር ሠርቶ፣ ከመሬት ጋር በሲሚንቶ አስሮታል። ዋጋውን ስጠይቀው ተቆጣኝ። «ስለ ዋጋ አታውራ» አለኝ። «ያኔ እኔ ዋጋ ባላወራ ኖሮ...» አልጨረሰውም። ትቶኝ ወደ ብየዳው ሄደ። እሱም የራሱን ይዞ እንደሚያድር ያወቅሁት ያኔ ነው።

እያንዳንዱን ጎማ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼ ነው የምሞላው። ሹፌሮቹ ያሾፉብኛል። «ተማሪው፣ ጎማዬን አሰርከው እንዴ? ምን አጠፋ?» ይሉኛል። እስቃለሁ። ለብዙ ሳምንት ሳጥኑ ምንም አልሠራም፤ ቆሞ ብቻ ይውላል። ከዚያ ባለፈው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ሠራ። ድምፁ ያው ነው። ወፍራሙ ቱቦ ወደ ውጭ ጎበጠ፤ ቀለበቱ ውስጥ ቀረ። ቱቦው የጎበጠው ልክ በደረቴ ከፍታ ነው። ከሰዓት በኋላ ሥራ አልሠራሁም። ቁጭ ብዬ የጎበጠውን ሳየው ዋልኩ። የናዝሬቱ ግንብ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው፤ የትኛው ጋ እግሬን አሳርፍ እንደነበር፣ የትኛው ጋ ወንድሜ እጄን ይዞ እንደሳበኝ።

ሐሙስ ዕለት አባቴ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። እንዲህ ይላል፦

«ልጄ እንደምን ከረምክ። እኛ ደህና ነን። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ግንቡ ፈረሰ። ድንጋዩን አልጣልኩትም፣ ገና ይሠራል፣ ጓሮ ከምሬዋለሁ። ለጊዜው ላስቲክ ወጥሬ ሜዳው ላይ እየሠራሁ ነው፤ አታስብ። አዲስ ቀለበት የሚባል ነገር ደግሞ ደጄ አይደርስም። አሮጌዎቹን አውጥቼ እየጠራረግሁ ነው። ወንድምህን ባሰብኩት ቁጥር እጠራርጋቸዋለሁ። በል፣ ሂሳብ እንዳይቆጥር።»

ደጋግሜ ሰማሁት። ግንቡ የለም። አሮጌዎቹ አሉ። አዲስ ያልኩት እኔ ነኝ።

ይህን ደብተር የገዛሁት በማግሥቱ ነው። እስከዚህ ድረስ ጽፌ ተውኩት። ስጽፍ አባቴ እየሠራ ነው፤ በየቀኑ ስንት ጎማ እንደሚሞላ አውቃለሁ። መስመር ይያዝልኝ ብዬ በዘገየሁ ቁጥር አንድ ጎማ ይሞላል። ግን ደፍሬ አልደወልኩም። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ።

ትናንት ክቧን አየኋት። አሁንም ቀዳዳውን አልደፈንኩትም። ከበሩ ተነስታ፣ ኮምፕሬሰሩን አልፋ፣ ሳጥኑ ጥግ ደርሳ ነበር። መፍቻውን መሬት ላይ ጥዬ ስልኩን አወጣሁ።

አንዴ ጠራ፣ ዘጋሁት። ሁለተኛ ጠራ። አላነሳም። ስልኩን አይቶ ወደ ሸሚዝ ኪሱ ሲመልሰው ታየኝ፤ ልጄ ደህና ነው ብሎ። ሦስተኛውን ደወልኩ።

«ምነው?» አለ። ድምፁ ሮጦ እንደመጣ ሰው ነበር። ከጀርባው ኮምፕሬሰሩ ይንደቀደቃል። «ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም አባዬ። ምን እየሠራህ ነው?»

«ምን እሠራለሁ፣ ጎማ ነዋ። ሰውየው ቸኩሏል። አመመህ እንዴ?»

«ፊቱ ወዴት ነው?»

«የማን ፊት?»

«የጎማው።»

«ወደ እኔ ነው። ወዴት ይሆናል፤ ግንብ የለ።»

«ኮምፕሬሰሩን አጥፋው።»

«ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ቆይ ልጨርስና...»

«አባዬ አጥፋው!»

በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም። ኮምፕሬሰሩ አልጠፋም። ስለዚህ በዚያው ላይ ነገርኩት፤ እየተንተባተብኩ፣ ጽሑፉ ላይ እንዳለው በቅደም ተከተል ሳይሆን እንደመጣልኝ።

«የጋሼ ቀለበት አሮጌ ነበር። ዋሽቼህ ነው። የዛገ ነበር፣ የተጣመመ። ሹፌሩ አዲስ ላምጣ ብሎ ነበር። ጋሼ ጠየቀኝ፣ ምን ትላለህ ብሎ። እኔ ነኝ ያልኩት። ገና ይሠራል አልኩት። በአንተ ድምፅ። አስቄው ነው የሞተው።»

ኮምፕሬሰሩ ቆመ።

የሰማሁት የእሱን ትንፋሽ ነው። ከሩቅ መኪና ያልፋል። ደንበኛው ይመስለኛል፣ «አለቀ እንዴ?» ሲል ይሰማል።

«በእኔ ድምፅ?» አለኝ አባቴ።

«አዎ።»

ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠው፤ ድንጋይ ላይ ይመስለኛል። ከዚያ የእግሩ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ አየር። የጎማውን አየር እያስወጣው ነበር። የከባድ መኪና ጎማ አየሩን ለመጨረስ ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ያፏጫል፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆሜ ሰማሁት። ሂሳቡ እየቆጠረ ነበር። አየሩ አልቆ ምንም የማይሰማ ሲሆንም አባቴ ስልኩን አላነሳውም፤ ዝጋው፣ ሂሳብ ትጨርሳለህ አላለኝም።